ለአባ የለቀቅሁት አልጋ

ወደ መሐል ሜዳ ስንሄድ አውቶቡሳችን ሞላሌ ላይ ተበላሸና እዚያው አደርን። ለእኔና ለአንድ አዛውንት ቄስ የደረሰን ክፍል ያለው አንድ አልጋ ብቻ ነው። እኔ የአልጋ ቤቷ ባለቤት ፊት ጨዋ ለመምሰል፣ «አባ፣ አልጋው ላይ እርስዎ ይተኙ፤ ለእኔ መሬቱ ይበቃኛል» አልኩ። «ኧረ አይሆንም ልጄ» እንዲሉኝ ነበር የጠበቅሁት። እሳቸው ግን «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ወዲያው ተቀበሉ። የመንዝን ብርድ አስቤ ምላሴን ረገምኩ።

አባ ነጠላቸውን አልጋው ላይ አነጠፉ። ከዚያ በጨርቅ የተጠቀለለ የብራና መጽሐፍ ከከረጢታቸው አውጥተው መሐሉ ላይ አጋደሙና አጎዛቸውን ከእኔ አጠገብ መሬት ላይ ዘረጉ። «እርስዎስ አባ?» አልኳቸው። «እኔማ የትም እተኛለሁ። ይሄን የደብራችንን መጽሐፍ መሬት ማስተኛት ነበር የጨነቀኝ፤ አንተ ገላገልከኝ» አሉና ከለበሱት ወፍራም ባና ግማሹን አለበሱኝ።

ጠዋት የአልጋ ቤቷ ባለቤት በሩን ስትከፍት ሁለታችንም በአንድ ባና ተጠቅልለን መሬት ላይ ነን። «ምነው፣ አልጋው ምን ሆነ?» አለች።

«እንግዳ ተኝቶበታል» አሉ አባ። «የለቀቀለት ይሄ ልጅ ነው። ደግ ልጅ ነው።»

ደጉ ልጅ ባናውን ሳብ አድርጎ ፊቱን ሸፈነ።