እማማ ማክሬ የደበቁት ጋን

ልጆቼ፣ ቀረብ ብላችሁ ተቀመጡ። አንተም ከበሩ ራቅ፣ ብርዱ ወገብ ይይዛል። የማወጋችሁ በእኛው መንደር በሶልጎል ስለሆነ ነገር ነው፤ ስለ አንዲት ሴትና ስለ አንድ ጋን የሩዝ ጠላ።

ሩዙ ታጭዶ የገባበት ወቅት ነው። እማማ ማክሬ ከገበያ ሲመለሱ አውቶቡስ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ዘንቢላቸውን በሁለት እግራቸው መካከል ጥብቅ አድርገው ይዘውታል፤ ከላይ ጥቅል ጎመን ይታያል። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ኖ በሚባለው ዘር የበኩር ልጅ ቤት እመቤት እሳቸው ናቸው። በጨረቃ አቆጣጠር በአሥረኛው ወር ዘመዱ ሁሉ ለአያቶች መቃብር ሲሰግድ የሚቀርበው ጠላ ከእሳቸው ጋን የተቀዳ መሆን አለበት፤ ከሌላ ቤት ቢመጣ ነውር ነው።

«እንደምን ዋሉ፣ እማማ?» አለ አንድ ሰው። የባላቸው የታናሽ ወንድም ልጅ ቴሶብ ነበር፤ በወረዳው ትምህርት ቤት ሳይንስ ያስተምራል። አውቶቡሱ ሲመጣ ሊያግዛቸው ዘንቢሉን አነሣ። ዘንቢሉ ተንኳኳ።

«ጎመኑ ድምፅ አለው እንዴ፣ እማማ?»

«የዘንድሮ ጎመን ነው፤ እኔ ምን አውቄ።»

ቴሶብ የጠርሙሶቹን አንገት አየ። የፋብሪካ የሩዝ ጠላ ነው። አየና ዝም አለ። እማማ ማክሬን የገደላቸው ይህ ዝምታ ነበር። አውቶቡሱ መንገዱን ሲያጋምስ ራሳቸው ጀመሩት።

«በል ሳቅብኝ።»

«ምን ያስቃል?»

«አምናም ካቻምናም ጠላዬ ኮምጣጤ ሆነብኝ። ከሱቅ ገዝቼ ጋኑ ውስጥ ገለበጥኩት። አጎቶችህ ጠጥተው ‹የበኩር ቤት እጅ ይሄ ነው› ሲሉኝ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ነው ያልኩት። የዘንድሮውም ጋን ውስጥ ነው፤ ግን ልቤ አላመነውም። ከዚህ ወዲያ አልጠምቅም። ጉልበቴ ከዳኝ እላለሁ፣ የቤቱንም እርሾ ለዶሮ እበትነዋለሁ።»

ልብ በሉ፤ ያ የስንዴ እርሾ ከአማት ወደ ምራት እየተላለፈ አምስት ትውልድ የዘለቀ ነው። እሳቸው ከጣሉት ከማን ይገኛል?

«አይበትኑት» አለ ቴሶብ። «ጋኑን መጀመሪያ ልየው። እኔም እኮ እጠምቃለሁ።»

እማማ ማክሬ ሳያስቡት ሳቁ። «አንተ? ወንድ ልጅ ጋን ሥር ምን ይሠራል? ሚስትህ ታውቃለች?»

«አውቃ አይደል ከወጥ ቤት ያባረረችኝ። አሁን በረንዳ ላይ ነኝ። በአንዱ ማሰሮ የሩዝ፣ በአንዱ የገብስ ጠላ፣ በአንዱ የማር ጠጅ አለኝ።»

«ድግስ አለብህ እንዴ?»

«ምንም የለብኝም። ደስ ስለሚለኝ ነው።»

«ያለ ድግስ የሚጠምቅስ ሰካራም ነው።»

«ሰካራም መጠበቅ አይችልም፣ እማማ። ጠጁን ከጣልኩት ስምንት ወሩ ነው። የትኛው ሰካራም ነው ስምንት ቀን እንኳ የሚታገሠው?»

እማማ ማክሬ ግን በቀላሉ የሚረቱ ሰው አልነበሩም።

ቤት ሲደርሱ ወደ ጓሮ፣ ባዶ ከቀረው የከብት በረት ጀርባ ወሰዱት። ጋኑ በጥቁር ላስቲክ ተሸፍኗል፤ ከላስቲኩ ሥር ሁለት አሮጌ ብርድ ልብስ ለብሷል፤ ክዳኑም ዙሪያውን በጭቃ ተመርጓል። ፀሐይ ጎኑን ትመታዋለች። ቴሶብ እጁን በብርድ ልብሱ ሥር ሰደደና ወዲያው መለሰው።

«ይህ እኮ ትኩሳት ያለበት ሰው ይመስላል። ከተደፈደፈ ስንት ቀኑ ነው?»

«አምስት።»

«እንክፈተው።»

እማማ ማክሬ ከጋኑ ፊት ቆሙ። «ሰባት ቀን ሳይሞላ የበኩር ቤት ጋን አይከፈትም። አማቴ ያስረከቡኝ እንዲህ ነው።»

«ለምን እንደማይከፈት ነግረውዎታል?»

«ሥርዓት ለምን ተብሎ ይጠየቃል?»

«ልጠይቅ እንጂ፣ እማማ፤ ቢቆጡኝም ልጠይቅ። እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀኖች አየር ይፈልጋል። ሲፈላ ደግሞ ከራሱ ይሞቃል፤ ካልተማሰለ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ሙቀቱ ሲበዛ እርሾው ይዝላል፤ የሚያኮመጥጠው ይነግሣል።»

«ታዲያ ይህ ያልከው ካቻምና የመጣ ነገር ነው? አርባ ዓመት ስጠምቅ አምሮልኝ የለም ወይ?»

ጥያቄያቸው ልክ ነበር፤ ቴሶብም ልክነቱን አልካደም። ቁጢጥ ብሎ ላስቲኩን ዳሰሰ።

«ያን ጊዜስ በምን ነበር የሚሸፍኑት?»

«በገለባ ነዋ። የማጨጃው ማሽን ገለባውን እዚያው ማሳው ላይ እየከተፈ ሲበትነው ከየት ላምጣ? ላስቲክ አለበስኩት።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«ይኸው ዘንድሮ ሦስተኛ…» አሉና ቃሉ አፋቸው ላይ ቀረ።

«ገለባ አየር ያሳልፋል፤ ላስቲክ ግን ሙቀቱን ያፍናል» አለ ቴሶብ። ቀጥሎም፣ «ግን እማማ፣ ጋኑ እዚህ በረት ጀርባ ምን ያደርጋል?» አላቸው።

«ሰው እንዳያየው።»

«ማን?»

«እነሱ ናቸዋ። ጠላ ፈታሾቹ።»

ከዚያ በኋላ የነገሩት የመንደሩ ትልልቅ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። ቤት ውስጥ መጥመቅ ጃፓኖች አገራችንን ይዘው በነበረበት ዘመን ተከለከለ፤ እነሱ ከሄዱ በኋላም ክልከላው አልተነሣም። ፈታሾቹ በድንገት ይመጣሉ፤ የገለባውን ክምር በብረት ዘንግ ይወጋሉ፤ አፍንጫቸውን ወደ ላይ አድርገው ያሸታሉ። ማክሬ ያን ጊዜ ሙሽራ ነበሩ። አማታቸው ጋኑን ጓዳ አስገብተው፣ ሙሽራይቱን ጎኑ አስተኝተው፣ «ምጥ እንደያዛት ሴት ጩኺ» ይሏቸዋል። እሳቸውም ይጮሃሉ፤ ወንዶቹ ፈታሾች አፍረው ይመለሳሉ።

«ሦስት ጊዜ አማጥኩለት» አሉ። «ከልጆቼ ሁሉ ያስጨነቀኝ እሱ ነው።»

ቴሶብ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ። «ግን እኮ ለቤት መጥመቅ ከተፈቀደ ሦስት ዓመት አለፈው። እስካልሸጡት ድረስ ማንም አይጠይቅዎትም።»

«በሬዲዮ ሰምቻለሁ። ጆሮዬ ሰማ፤ እግሬ ግን አልሰማም። ጋኑን ባቀፍኩት ቁጥር ወደዚህ ነው የሚወስደኝ።»

«እስቲ አንድ ነገር ላስቸግርዎት። በእናትዎ ወገን፣ ከክልከላው በፊት የጠመቀ ሰው ያስታውሳሉ?»

እማማ ማክሬ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የእናታቸው እናት ትዝ አሏቸው። ጋኑን አጥበው ይደፉታል፤ ከሥሩ ገለባ አንድደው ጭሱን ያጠጡታል። ጋኑ በቤቱ ፊት ባለው ነፋሻ የእንጨት ወለል ላይ፣ አፉ በስስ ጨርቅ ተሸፍኖ ይቀመጣል። ጠዋትና ማታ በእንጨት ማማሰያ ያማስሉታል፤ ሲጨርሱ ጆሯቸውን ጋኑ ላይ ያስጠጋሉ። «ዝናብ ቅጠል ላይ ሲወርድ ይመስላል» ይሉ ነበር።

«ጭሱ እኮ እኛ ጀርም መግደል የምንለው ነው» አለ ቴሶብ በቀስታ። «አማትዎ ለምን ተዉት?»

«ጭስ ከሩቅ ይታያላ።»

«ማማሰሉንስ?»

«በተከፈተ ቁጥር ሽታው…» ድምፃቸው ወረደ። «ሰባቱ ቀን ለጠላው አልነበረም። ለሽታው ነው። ፈታሾቹ እንዳያሸቱት ነው።»

ልጆቼ፣ እዚህ ላይ አማቲቱን አላዋቂ እንዳትሏቸው። ጀግና ነበሩ። እርሾው እንዳይጠፋ ጭሱንም ማማሰሉንም መሥዋዕት አድርገው አተረፉት። ችግሩ ፍርሃቱ ሲያልፍ ዘዴው አብሮ አለማለፉ ነው። እኛም የመደበቂያውን ዘዴ ሥርዓት ብለን ወረስነው።

እማማ ማክሬ ጭቃውን በገዛ እጃቸው ፈነቀሉት። ጠላው ኮምጥጦ ነበር። ለሰላጣ ይሆናል ብለው ወደ ኮምጣጤው ማሰሮ ገለበጡት እንጂ አላለቀሱም። የአያቶች በዓል ሊደርስ አሥራ አራት ቀን ቀርቶት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱም ቀለበታቸውን አውልቀው እስከ ክርናቸው በሳሙና ታጠቡ። ማማሰያውና ወንፊቱ በፈላ ውኃ ተዘፈዘፉ፤ ጋኑ ጭሱን ጠጣ። ሩዙ በእንፋሎት በስሎ ሲቀዘቅዝ ቴሶብ የሙቀት መለኪያውን ከኪሱ አወጣ። እሳቸው የእጃቸውን አንጓ ሩዙ ላይ አሳርፈው፣ «አሁን እርሾ ይቀበላል» አሉ። እሱ መለኪያውን አየ።

«ሃያ አራት ዲግሪ። ልክ ነዎት።»

«ታዲያ ያንተ መለኪያ ምን ጨመረ?»

«እኔ የእርስዎ አንጓ የለኝማ። ምራቶችዎም የላቸውም። ቁጥሩን ግን ማንም ይጽፈዋል።»

«እንግዲያው ጻፈው» አሉት።

ጋኑ ከቤቱ ፊት ለፊት፣ ሁሉ የሚያየው ወለል ላይ ተቀመጠ። በሦስተኛው ቀን እማማ ማክሬ ሲያማስሉ የዘመዱ ሽማግሌ አቶ ሃክጉ በአጥሩ ሥር ሲያልፉ ቆሙና አሸተቱ። የእማማ እጅ በድሮው ልማድ ወደ ክዳኑ ሄደ። ከዚያ መለሱት።

«ጠላ ነው» አሉ ጮክ ብለው። «ግቡና ድምፁን ስሙት።»

ሽማግሌው ገብተው ጆሯቸውን ጋኑ ላይ አስጠጉ። ለረጅም ጊዜም ቀና አላሉም።

በበዓሉ ዕለት ጠላው ጠራ ብሎ፣ ጉሮሮ ቆንጠጥ የሚያደርግ ሆኖ ወጣ። መጀመሪያ ለአያቶች ፈሰሰ። ሌላው ዋንጫ ሳይነሣ ግን እማማ ማክሬ በዘመዱ ሁሉ ፊት ተንበረከኩ። ማንም አላስገደዳቸውም። ነገር ግን ይህን ጠላ በዚያ ውሸት ላይ ሊደርቡት አልፈለጉም።

«የአምናውና የካቻምናው የሱቅ ነበር» አሉ። «አታለልኳችሁ። የዛሬው የእኔ ነው።»

አቶ ሃክጉ ቀመሱና ዋንጫውን አስቀመጡ።

«የሱቁን አውቀን ነበር። በጣም ይጣፍጣል፤ የእርስዎ ሰውን እንዲህ አያባብልም። ግን ለዚህ ጋን ያማጡለትን ሴት ማን ደፍሮ ይናገራቸዋል? በሉ ድገሙን። ትንሽ ብቻ፤ መኪና የሚነዳ አይጠጣ፤ ድርሻውን ወደ ቤቱ ይዞ ይሂድ።»

እማማ ማክሬ ቀዱ። አንገታቸውን ቀና አድርገው ነበር የሚቀዱት።

ከዚያ ወዲህ የበኩር ቤት እርሾ በሰባት ቤት አለ፤ አንዱ ቢያበላሽ ስድስቱ ይተርፋሉ። ምራቶቹ ቀኑንና ሙቀቱን በደብተር ይጽፋሉ፤ ወንዶቹም ጋን ለማጠብ አያፍሩም። ጠላው ንጹሕ ስለሆነ ሆድ አይነፋም፤ የለፋበት ሰው ደግሞ እያጣጣመ ይጠጣል እንጂ አይገለብጠውም። እማማ ማክሬም በሰማንያ ዓመታቸው፣ ያለ ምንም ድግስ፣ ደስ ስላላቸው ብቻ የመጀመሪያቸውን የማር ጠጅ ጣሉ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ከቤታችሁ የወረሳችሁትን አትጣሉ፤ እንዳለም አታፍኑት። እናቶቻችሁ በሕይወት ሳሉ ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ በአክብሮት ጠይቋቸው፤ የነገሯችሁንም ጻፉት። ይህችን ብቻ አስታውሱልኝ።