ሳይገዙ ምርቃት

ሐኪሜ ለስኳሬ ሲል በየማለዳው ዳገት እንድወጣ ካዘዘኝ ወዲህ የእንጦጦን ወገብ ሳልረግጥ ቁርስ አልቀምስም። ጡረታ የወጣሁ የአማርኛ መምህር ነኝ፤ ባሕር ዛፎቹን ሳይቀር ፊደል ቆጥረው እንደሆነ ልጠይቃቸው ይዳዳኛል። በጥቅምት መግቢያ፣ ሌሊቱን ሲዘንብ ባደረ አንድ ቀን፣ ከፓርኩ አጥር ውጭ ባለው ቀጭን መንገድ ላይ አንዲት ሴትዮ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ እያለከለኩ ሲወጡ አየሁ። ጠጋ ብዬ ሳይ ጎረቤቴ እትዬ ወርቄ ናቸው።

እትዬ ወርቄን ሾላ ገበያ ጠይቁ። በርበሬና ኮረሪማ ሲሸጡ አርባ ዓመታቸው ነው። በየካ ሰፈራችን ቃላቸው እንደ ማኅተም ይቆጠራል፤ «ወርቄ ብላለች» ከተባለ ነገሩ አለቀ ማለት ነው።

«ምነው እትዬ ወርቄ፣ በዚህ ማለዳ? ደኅና አይደሉም እንዴ?»

«ደኅናስ ነኝ መምህር፣ እግዜር ይመስገን። ይችን ልጅ ፍለጋ ነው። ጉልበቴን ጨረሰችው እኮ!»

ልጅ ያሏት ሲፈንን ነው። ሲፈን ፎቶ አንሺ ናት። ግቢያቸው ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ ስድስት ዓመት ኖራለች፤ ተከራይ መባሏ ለወጉ ነው እንጂ እሳቸው ዘንድ የሆድ ልጅ ናት። ጥቂት ወጣ እንዳልን ካሜራዋን ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ አስቀምጣ፣ ጃኬቷን እስከ አገጯ ቆልፋ፣ ፊቷን ወደ ከተማው አዙራ ቆማ አገኘናት።

«አንቺ! ሰውዬው ስድስት ሰዓት ላይ ይመጣል አላልሁሽም? ወረቀቱን ሳትፈርሚ ትወጫለሽ?»

«እማማ! ይህን ዳገት እንዴት ወጡት?» ሲፈን ደንግጣ ሮጣ ደገፈቻቸው።

ነገሩን በየተራ ነገሩኝ። አንድ የታሸገ ውኃ የሚሸጥ ድርጅት ሲፈን ከእንጦጦ ላይ ሆና ያነሣቻትን አንዲት ፎቶ አይቶ ወዷታል። መገናኛ አጠገብ ያሠራው አዲስ ሕንፃ ሊመረቅ ስለሆነ ፎቶዋን በትልቅ ሰሌዳ፣ በቀን መቁጠሪያና በጠርሙሱ ላይ ሊያትማት ፈልጓል። ምንያህል የሚባል የድርጅቱ የማስታወቂያ ሠራተኛ ትናንት ቤት ድረስ መጣ። ሲፈን አልነበረችም። እትዬ ወርቄ በእሷ ስም «ውሰዷት» ብለው ቃል ሰጡ። ማታ ሲፈን የተተወውን ወረቀት ስታነብ፣ ፎቶዋ ያለ ክፍያና ያለ ጊዜ ገደብ የድርጅቱ ትሁን ይላል። ከታች «ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን» ተብሎበታል።

«ለአንዲት ፎቶ ይህን ያህል ምን ያኮርፋል?» አሉ እትዬ ወርቄ ድንጋይ ላይ እየተቀመጡ። «ተራራውን አልፈጠርሽው፣ ጸሐዩን አላወጣሽው። የእግዜርን ብርሃን ነው ቀጭ አድርገሽ የወሰድሽው። የእግዜር ነገር ይሸጣል?»

«እውነትዎን ነው እማማ። ብርሃኑ የእግዜር ነው። ውኃውስ የማን ነው?»

«የምን ውኃ?»

«አሽገው የሚሸጡት። እሱንም ከመሬት ያፈለቀው እግዜር ነው። ሱቅ ገብተው 'የእግዜር ነው' ብለው አንድ ጠርሙስ ይዘው ቢወጡ ዝም ይሉዎታል?»

እትዬ ወርቄ ሳቃቸው አመለጣቸው። ግን ገበያ የለመደ ሰው እየሳቀም ዋጋ አይቀንስም። «እነሱማ ደክመውበት ነው። ማሽን ተክለው፣ አጣርተው። አንቺ ጣትሽን ነው የጫንሽው!»

«ጣቷን ለመጫን ስንት ቀን የፈጀባት ይመስልዎታል?» አልሁ ጣልቃ ገብቼ።

«ለዚያች ፎቶ አርባ አንድ ማለዳ ወጥቻለሁ» አለች ሲፈን። «ሌሊቱን መዝነብ አለበት፤ ጠዋቱ ደግሞ መጥራት አለበት። ሁለቱ የሚገጥሙት ስንቴ ነው? አርባውን ቀን ባዶ እጄን ወረድሁ።»

«ይሁን። ግን ስምሽ ይወጣል! መገናኛን በሚያህል ቦታ ሥራሽ ተሰቅሎ ስንቱ ያየዋል? ነገ በርሽን ያንኳኳሉ።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ተብያለሁ እማማ። ለአንድ ሆቴል በነጻ አነሣሁ፤ ስምሽን እንጽፋለን አሉ፣ አልጻፉም። ከዚያ የሆቴሉ ጎረቤት ደወለ። 'ለእነሱ በነጻ እንደሠራሽው ለእኛም' አለኝ። ስሜስ ወጥቷል፤ 'በነጻ የምትሰጠው ልጅ' ተብሎ ነው የወጣው።»

ይህን የተናገረችው ቁጣ በሌለው ድምፅ ነበር፤ እኔ ግን ተናደድሁ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። ይዋል! ባለቤቱ ከመቃብር በፊት ራት ካልበላበት ግን ምን ይረባዋል? ሐኪምን 'በነጻ አክመንና ስምህን እናወራልሃለን' የሚለው የለም። ግንበኛንም እንዲሁ። ፎቶ አንሺው ላይ ስንደርስ ነው ሁላችን ተባባሪ ፈላጊ የምንሆነው።

እትዬ ወርቄ ግን አቀርቅረው በለሆሳስ፣ «ቃሌስ?» አሉ። «ወርቄ ቃሏን በላች ልባል ነው? በአርባ ዓመት አንድ ደንበኛ ፊት ቃሌን አጥፌ አላውቅም።» ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

ሲፈን የፈራችው ይህንኑ ነበር። አጠገባቸው ተንበረከከች። «ሌሊቱን ሳስብ ነው ያደርሁት እማማ። እርስዎን ከማሳፍር እፈርማለሁ። ፎቶዋን ይውሰዷት።»

አንዷ ክብሯን፣ ሌላዋ የድካሟን ፍሬ ልታጣ ነው፤ ሁለቱም ይዋደዳሉ። አፌን ልከፍት ስል ሲፈን ብድግ ብላ ወደ ካሜራዋ ሮጠች። «ቆዩ፣ ቆዩ… መጣ!»

ጸሐይ በየካ ተራራ ትከሻ ላይ ብቅ አለች። ከታች ጉሙ እንደ መጋረጃ ተገፈፈ። ሌሊቱን በዝናብ የራሰው የየካ ቆርቆሮ ሁሉ፣ አዲሱም አሮጌውም፣ የዛገውም የተጣፈውም፣ በአንድ ጊዜ በራ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ከተማዬን የማውቃት ይመስለኝ ነበር። ቆቤን አውልቄ ቆምሁ። ባሕር ዛፎቹ እንኳ ጠብ ጠብ ማለታቸውን የተዉ መሰለኝ። አንድ አቡነ ዘበሰማያት ለሚደገምበት ጊዜ ያህል ምድርና ሰማይ ቦታ የተለዋወጡ መሰለ። ሲፈን አንዴ ብቻ ተጫነች።

«በስመ አብ!» እትዬ ወርቄ ሳያውቁት ተነሥተዋል። ጣታቸውን ወደ ታች ቀስረዋል። «ያ… ከዋንዛው አጠገብ ያለው… የኛ ጣሪያ አይደለም?»

«የኛ ነው እማማ።»

«ያ ዝገታሙ?»

«ያው እሱ። በዚያችኛዋም ፎቶ ላይ አለ። መሃሉን የያዘው እሱ ነው።»

«በሱ ስንት አፍሬ!» አሉ። እንባቸው አሁን ወረደ። «ሃምሳ ዓመት ከሥሩ ኖርሁ። ለካ እንዲህ ነን?»

ብርሃኑ ወዲያው ሄደ። ጣሪያዎቹ ተመልሰው ተራ ቆርቆሮ ሆኑ። እትዬ ወርቄ ግን ከቆሙበት አልተነቃነቁም። «ይህን ነው አርባ አንድ ቀን የጠበቅሽው?» ብለው ጠየቋትና መልስ ሳይጠብቁ ግንባሯን ሳሟት።

ይህን ጊዜ አንድ ነገር ውስጤን ኮረኮረኝ። «እትዬ ወርቄ፣ ልጁ ትናንት ምን ብሎ ነው የጠየቀዎት? ቃል በቃል ይንገሩኝ።»

«'እናቴ፣ ለምርቃት ነው የፈለግናት' አለኝ። ለምርቃትማ ማን ይሰስታል መምህር? ደንበኛ በርበሬውን አስመዝኖ ሲያበቃ 'መርቂልኝ' ይል የለ? አንድ እፍኝ ጣል አደርግለታለሁ። ሌላ ሌላውን ገዝተው ይችን ጨምሪልን ያሉ መስሎኝ፣ 'ለምርቃት ከሆነማ ውሰዷት' አልሁት።»

አርባ ዓመት አማርኛ አስተምሬ እንዲህ ያለ ፈተና አጋጥሞኝ አያውቅም። «እሱ እኮ የሕንፃውን ምርቃት ነው ያለው! ሪባን የሚቆረጥበትን!»

እትዬ ወርቄ ወደ ሲፈን ዞሩ። «ታዲያ ምን ገዝተውሻል?»

«ምንም።»

«አንድ እንኳ?»

«አንድም።»

«ሳይገዙ ምርቃት!» ጩኸታቸውን ገደሉ አስተጋባው። «ሚዛኔ ላይ አንዲት ዛላ ሳያስቀምጥ 'መርቂልኝ' ያለኝ ሰው እስከ ዛሬ የለም። ቢኖር በጣሳው ነበር አናቱን የምለው!»

«እንግዲያው ቃልዎን አልበሉም» አልኋቸው። «ቃል የሰጡት ለገዛ ሰው ነው። ይግዛ፣ ቃልዎ ይጸናል።»

ስልካቸውን ከጉያቸው አወጡ። «ልጄ ምንያህል፣ እንዴት አደርህ? ወርቄ ነኝ። ቃሌ ቃል ነው፤ ለገዛኝ እመርቃለሁ። አንተ ግን ገና አላስመዘንህም። ዋጋ ይዘህ ና።»

ልጁ በትሕትና ለፎቶ በጀት እንዳልተያዘ አስረዳ።

«ለድንኳኑስ ተይዟል?»

ተይዟል።

«ለኬኩስ?»

ለኬኩም ተይዟል።

«እንግዲያው ኬኩን ስቀሉት» ብለው ዘጉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መገናኛ ታክሲ የሚጠብቅ ሁሉ አይቶታል። ድርጅቱ ከኢንተርኔት በነጻ ያገኘውን የተራራ ፎቶ «የእንጦጦ ምንጭ» ብሎ ሰቀለ። ተራራው አናቱ ድረስ በረዶ ለብሷል! ወያሎቹ «እንጦጦ! እንጦጦ! ካፖርት ያለው ይግባ!» እያሉ መጣራት ጀመሩ። በሳምንቱ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ምንያህልን አስከትሎ እትዬ ወርቄ ግቢ መጣ። ሲፈን ዋጋዋን ነገረችው። ሰውዬው በፎቶዋ ለአንድ ዓመት፣ ለሰሌዳና ለቀን መቁጠሪያ ብቻ፣ ስሟ ከሥሯ ተጽፎ እንዲጠቀም ተፈራረሙ። ጠርሙሱ ላይ ካሻው ሌላ ውል ነው።

ጥቅሙን ማን አገኘ ብትሉ፣ ሲፈን ብቻ አይደለችም። ድርጅቱ መሳቂያ መሆኑ ቀረለት፤ የየካ ሰው ሰሌዳው ሥር ቆሞ የየራሱን ጣሪያ ሲፈልግ ይውላል። የሲፈን የሥራ ጓደኛ ፍሮምሳና ሌሎች ወጣት ፎቶ አንሺዎችም ውሏን ገልብጠው ያዙ፤ አንዱ ሲከለክል ሌላው በነጻ መስጠቱን ተዉ። ዋጋ የተከፈለበት ሥራ ይጠበቃል፣ ባለቤቱም ነገ የተሻለ ይዞ ለመምጣት አቅም ያገኛል። እኔ ይህን ለሰሚው ሁሉ ስሰብክ ሰነበትሁ።

እሑድ ዕለት እትዬ ወርቄ ቤት ተጋብዘን ሳለን፣ «ይህን ታሪክ በትንሽ መጽሐፍ ላሳትመው ነው» አልሁ ደረቴን ነፍቼ። «ሽፋኑ ላይ ያችን የሲፈንን ፎቶ አደርጋታለሁ።»

ሲፈን አንገቷን ደፋች። «ደስ ይለኛል ጋሼ» አለች ቀስ ብላ።

እትዬ ወርቄ የጎረሱትን ሳይውጡ ቀና ብለው አዩኝ። «መምህር» አሉ፣ «ስንት ይከፍሏታል?»

ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። ለሰሚው ሁሉ የሰበክሁት ለድርጅት እንጂ ለእኔ መስሎ አልታየኝም ነበር። ወደ ሲፈን ዞሬ ዋጋዋን ጠየቅኋት። ነገረችኝ፤ ሳልከራከር ከፈልሁ።