«ስሞችሽን ልይ?»

— ሄሎ… አቤት፣ ማን ልበል?… ኧረ አንቺ ነሽ እንዴ! ጉርድሽ እኮ አልቋል፣ ተተኩሶ ተሰቅሏል… ሄሎ?… ትሰሚኛለሽ?… ምነው፣ እያለቀስሽ ነው እንዴ?

ልብስ ሰፊዋ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል አጣብቃ፣ በእጇ የያዘችውን እስፒል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። መስታወቱ ፊት፣ ገና እጅጌ ያልተገጠመለት ኮት ለብሰው የቆሙ ጡረተኛ መምህርት አሉ።

— አንዴ ይቅርታ እትዬ፣ አይንቀሳቀሱ፣ እስፒሉ ይወጋዎታል… እሺ እህቴ፣ ቀስ ብለሽ ንገሪኝ።… አማትሽ? አማትሽ ምን ሰሙ?… ማርገዝሽን?!

መስታወቱ ውስጥ የመምህርቷ ዓይን ፈጠጠ። ልብስ ሰፊዋ ከንፈሯን ነከሰችና ድምጿን ወደ ሹክሹክታ አወረደች።

— ከማን ሰሙ?… ከእኔ? ምላሴ ይቆረጥ! ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። አንቺም እኮ አልነገርሽኝም፣ የነገረኝ ሜትሩ ነው። ወገቡን ሁለቴ ሳሰፋልሽ ገባኝ፣ ባሌም አልሰማም ዝም በይልኝ አልሽ፣ ዝም አልኩ።… ምን?… ስልካቸው ላይ ምን ተጽፎ?

መልሱን ሰምታ ቃል በቃል ደገመችው።

— «ሦስት ወር፣ ወገቧ ይስፋ፣ ባሏ አልሰማም»… አዎ።… አዎ፣ የእኔ ጽሑፍ ነው።

ስም አይያዝላትም፤ ወገብ ግን አይጠፋትም። ሃያ ዓመት ሙሉ ደንበኞቿን የምትመዘግበው በስማቸው ሳይሆን በልካቸውና በጉዳያቸው ነው፤ ድሮ በደብተር፣ ኋላ ደግሞ በስልኳ።

— እኔ ስልክ ላይ ያለው እሳቸው ጋ በምን እግሩ ሄደ?… ቆይ… ቆይ እስቲ።… ወይኔ ጉዴ! ማን እንደደወለ የሚናገር አፕ አለ አይደል? ባለፈው ሳምንት ጫንኩት፣ አንድ ባለጌ እየደወለ ቢያስቸግረኝ።… እሳቸውም አላቸው?… አዲስ ስልክ ገዝተው፣ ቁጥርሽን ገና ሳይመዘግቡ… ገባኝ። ስትደውዪላቸው ከእኔ የወሰደውን አሳያቸው።… ኧረ ማን አነበበው! «ስሞችሽን ልይ?» አለኝ፣ «ፍቀድ» የሚለውን ተጫንኩ። ማየት ምን አለበት ብዬ! እንግዳ ቤት ሲገባ ግድግዳ ላይ ያለውን ፎቶ አያይም? አይቶ የሚሄድ እንጂ ነቅሎ የሚወስድ መቼ መሰለኝ!… ምን አሉኝ እትዬ?… እርስዎንማ «የተከበሩ መምህርት» ብዬ ነው።

ስልኳ ላይ ግን «ቀኝ ትከሻ ዝቅ፣ አፍንጫ ከፍ» ብላ ነበር የመዘገበቻቸው።

— አለሁ፣ አለሁ እህቴ። አሁኑኑ አጠፋዋለሁ፣ እንዳትዘጊ… ይኸው ስምሽን አጠፋሁት። አፑንም ነቀልኩት። እህትሽም አፑ አላት?… እስቲ በስልኳ ቁጥርሽን ፈልጊው… አሁንም ያው?… እኔ እንጃ! ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፣ ይሄ ደግሞ ካፌም አልወጣም። የሳትኩትን ስፌት ፈትቼ እንደገና እሰፋለሁ፤ ጨርቁ እኔ ጋ ከሌለ ግን በየት በኩል ልፍታው?

ስልኳ ውስጥ ያሉት መቶ ሰማንያ ሴቶች ባንዴ ትዝ አሏት። አንድ ጡቷን ሐኪም ያነሳላትና ልብሷ ውስጥ ጥጥ የምታስሞላው፤ ልጇ ሳይሰማ ለሁለተኛ ሠርግ ቀሚስ ያሰፋችው። ለሁሉም «ፍቀድ» ያለችላቸው እሷ ነች፤ እነሱን የጠየቃቸው የለም።

— አይ፣ ለምን ደበቅሽው አልልሽም። ያንቺ ጉዳይ ነው።… እሺ፣ ንገሪኝ።… የፊተኞቹ ሁለቱም በአራተኛው ወር ወረዱ?… አላውቅም ነበር፣ እህቴ።… የሕፃኑን አልጋ ባልሽ ራሱ ገጥሞ… ራሱ ፈታው።… አንድ ቃል ሳይናገር።… እና አራተኛው ወር እስኪያልፍልሽ… ሦስት ሳምንት ብቻ ቀርቶሽ! አፈር በበላሁ።… ለእሱም ነገሩት? ሥራ ቦታው ደውለው? እልል እያሉ!… ምን ያድርጉ፣ ደስ ብሏቸው ነው።… ስንቴ ደወለልሽ?… ስምንቴ? አንሺለት እንጂ!… ምን ይለኛል ብለሽ?… «ከእኔ በፊት ልብስ ሰፊዋ ሰማች»…

የተንጠለጠለውን ሜትር ከአንገቷ ላይ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው።

— እኔ ልንገረው? መጥቼ እግሩ ላይ ወድቄ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ልበለው?… እሺ። አልመጣም።… በቃ አልኩ እኮ፣ አልመጣም። ስደቢኝ፣ እሱ ይሻላል።… ምንድነው?… በሩ?… እሱ ነው? ከሥራ ጥሎ መጣ?… ሂጂ ክፈቺለት።… አትፍሪ፣ ሂጂ።… ሄሎ?… ሄሎ?

ስልኩ አልተዘጋም። የሆነ ቦታ ላይ ተቀምጧል መሰል፣ ከሩቅ የእግር ኮቴ ተሰማ፤ ቁልፍ ዞረ። ከዚያ የወንድ ድምፅ፣ ዝቅ ያለ፣ አንድ ቃል እየደጋገመ። ቃሉ አይለይም። ልብስ ሰፊዋ ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች። ይቆጣ ይሆን? ያለቅስ ይሆን? ጥቂት ብታዳምጥ ታውቃለች። መምህርቷም እስፒሉ እንደተሰካባቸው ከመስታወቱ ፊት ርቀው አጠገቧ ደርሰዋል።

— ምን?… ድምፁን ላጉላው?… አይሆንም፣ እትዬ። የሚያወራው ለእሷ ነው።

ቀዩን ተጫነችው።