ውኃ ሊያዘጋ የሄደው አፈሙዝ አቃኝ

አያቴ ውኃ ሊያዘጋ ሲሄድ እኔን ያስከተለኝ ለፎርሙ ብሎ ነው። መነጽር ማድረግ አይወድም፤ «የእኔ ዓይን ወረቀት አይመለከተውም» ይላል። እኔ ማርጎ ከዘጠነኛ ክፍል የቀረሁ ብሆንም ፎርም ለመሙላት አላንስም።

የጠመንጃ ፋብሪካው አምና ወደ ቴነሲ ግዛት ከሄደ ወዲህ የከተማችን የሃርሎ ፎልስ ሰው የሚገናኘው ማዘጋጃ ቤት የውኃ ክፍል ወረፋ ላይ ነው። ድሮ የሚገናኘው በፋብሪካው በር ነበር።

አያቴ ካዝሚር ዶብሮስኪ አርባ አንድ ዓመት የጠመንጃ አፈሙዝ ሲያቃና ኖሯል። መስኮት ላይ ጥቁር ሽቦ ይወጠራል፣ አፈሙዙ ወደ መስኮቱ ይነሣል፤ በቀዳዳው ውስጥ የሽቦው ጥላ ተሰብሮ ከታየ ብረቱ ጎብጧል ማለት ነው። ከዚያ መጫኛ ማሽኑ ላይ አስቀምጦ እየተጫነ ያቃናዋል። ይህ ልማድ ከሥራ ውጭም አልለቀቀውም። የመጋረጃ ዘንግም ይሁን የተጠቀለለ ካርታ፣ ቀዳዳ ያለው ነገር እጁ ከገባ ወደ መስኮት ሳያነሣ አያስቀምጥም። በአክስቴ ሠርግ የሙዚቀኛውን ክላሪኔት ለምኖ አየና «ጎባጣ ነው» ብሎ መለሰለት።

የዚያን ዕለት ኪሱ ውስጥ ከፋብሪካው የመጣ ደብዳቤ ነበር። ቴነሲ ያሉት አዲሶቹ ልጆች ማቃናት አቅቷቸዋልና እስከ ዓርብ ይምጣ ይላል። ከሄደ ቤታችን ይሸጣል፤ ከእሱ በቀር ማንም ስለሌለኝ እኔም እሄዳለሁ። ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም።

ወረፋው ላይ ከፊታችን የቆመችው ዲርድራ ፋረል ነበረች፤ ሦስት ረዣዥም የብረት ቱቦዎች ታቅፋለች። ኮሌጅ የብረት ሥራ ታስተምራለች፤ በተዘጋው ትምህርት ቤቴ ምድር ቤት ደግሞ አንዲት ዎርክሾፕ ከፍታለች።

«እንዴት አደሩ፣ ሚስተር ዶብሮስኪ?»

«ደህና፣ የፋረል ልጅ። አንቺንም ውኃው አስለቀሰሽ?»

«ሂሳቡ እጥፍ ሆነብኝ።»

«ደግ አደረገ። ጠመንጃን ለሚገድበው ሕግ ፊርማ ስትለቅሚ የነበርሽው አንቺ አይደለሽ?»

«ነኝ። የእርስዎንም በር አንኳኩቼ ነበር።»

«እኔም ዘጋሁብሽ።»

«ጣቴ ለጥቂት ተረፈ።»

ነገሩ አልገባኝም። «ጠመንጃንና ውኃን ምን አገናኛቸው?» አልኩ።

አያቴ ወደ እኔ ዞረ። «ፋብሪካው የከተማውን ውኃ ግማሹን ይጠጣ ነበር። ግዛቱ ሕግ አወጣበት፣ ሄደ። ቧንቧው ግን አብሮት አልሄደም። እሱን ለማስጠገን የምንከፍለው የቀረነው ነን። የሚከፍለው ግብርም አብሮት ሄደ። ትምህርት ቤትሽ ለምን የተዘጋ ይመስልሻል?»

አሁን ያለው ትምህርት ቤት በአውቶቡስ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፤ በረዶው ሲበረታ የቀረሁትም ለዚህ ነው።

ዲርድራ ቱቦዎቹን ወደ ሌላው ክንዷ አዛወረች። «እውነት ነው፣ ይህን አላሰብኩትም ነበር። በየስብሰባው ስንጯጯህ ቧንቧን ያነሣ አንድም ሰው አልነበረም። ሕጉን ግን ዛሬም እፈልገዋለሁ፣ ከተማዬንም እፈልጋለሁ።»

«ሁለት ወዶ አይሆንም።»

«እስቲ ልጠይቅዎት። ሕጉ ከወጣ ስንት ዓመቱ ነው?»

«አሥራ አንድ።»

«ፋብሪካው የሄደው አምና ነው። አሥሩን ዓመት ምን ሲያደርግ ቆየ?»

«ሲቆጣ።»

«ሲቆጣ ብቻ? የማይጠገነው አሳንሰርስ?»

አያቴ ሳይወድ ፈገግ አለ። ያረጀው የፋብሪካው አሳንሰር በተበላሸ ቁጥር አፈሙዝ በትከሻ አራት ፎቅ ሲያወጡ የኖሩት እሱና የሥራ ጓደኞቹ ናቸው።

«ቴነሲ መሬቱን በነጻ ሰጠቻቸው፣ ግብሩን ማረችላቸው» አለች ዲርድራ። «እርስዎንም ጠሩዎት ሲባል ሰማሁ፤ ደመወዝዎስ እዚያ ያው ነው?»

«ሲሶው ይቀነሳል» አልኩ እኔ፤ ደብዳቤውን ያነበብኩለት እኔ ነኝ።

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?» አለኝና ወደ እሷ ተመለሰ። «ይሁን። ግን ሰው ሥራውን ጎረቤቱ እንደ ኃጢአት ሲያይበት መሄድ ያምረዋል። ይሄንንስ ትቆጥሪዋለሽ?»

«እቆጥረዋለሁ» አለች በትሕትና። «ሕጉ ምክንያት ነበር፤ ብቻውን ግን አልነበረም። የእኛም ጥፋት አለበት፤ መቶ ዓመት ሙሉ በአንድ ምሰሶ ላይ ቤት ሠርተን ተኛን።»

ወረፋ ላይ ቆሞ ወገን መምረጥ ይጣፍጣል፤ እኔም አያቴን ልመርጥ ተዘጋጅቼ ነበር። ግን ሁለቱም የያዙት እውነት የአንድ ቱቦ ሁለት ጫፍ መሰለኝ።

አያቴም ዓይኑ ከቱቦዎቹ ላይ አልተነቀለም። በመጨረሻ አልቻለም። «እስቲ አንዱን ስጪኝ።»

ወደ ማዘጋጃ ቤቱ መስኮት አነሣው፤ በሽቦው ፋንታ የመስኮቱን እንጨት አነጣጠረ። አንዴ አሽከረከረውና የዓይን ኩል እርሳሴን ተቀብሎኝ ምልክት አደረገበት። «እዚህ ጋ ጎብጧል። ደግሞ ውስጡ ጥይት የሚያሽከረክር ጥምዝ የለውም። የምን ጠመንጃ ነው ይሄ?»

«ጠመንጃ አይደለም። የሆስፒታል አልጋ ማንሻ ነው።»

ወረፋው ሳቀ። አያቴ ቱቦውን እንዳታለለው ሰው አገላብጦ አየው።

ዲርድራ ደብተሯን ገልጣ አሳየችው፤ የመለኪያ መሣሪያዋም የጻፈው ያንኑ ቦታ ነው። «የት እንደጎበጠ ይነግረኛል። ምን ያህል እንደምጫነው ግን አይነግረኝም። ዘጠኝ አበላሽቻለሁ። በዚህ ወር ቀጥ ያለ ቱቦ ካላስረከብን ትእዛዙ ይሄዳል፤ ስድስት ሰውም ሥራ ፈትቶ ቤቱ ይገባል።»

«ቀጥ ሲልልሽ ትለቂዋለሽ?»

«አዎ።»

«እሱ ነው ጥፋትሽ። ብረት ኩሩ ነው፤ ስትለቂው ወደ ነበረበት ይመለሳል። ቀጥ ከሚልበት ትንሽ አሳልፈሽ መጫን ነው። ትንሹ ስንት እንደሆነ የሚያውቀው እጅ ነው።»

«እንግዲያው እጄን ያስተምሩልኝ።»

ፊቱ ጠቆረ። «እኔ የማውቀው ጠመንጃ ነው።»

«አያቴ፣ ተኩሰህ ታውቃለህ?» አልኩት።

«ድምፁን አልወድም።»

«ታዲያ የምታውቀው ጠመንጃውን አይደለም፤ ቀዳዳውን ነው።»

ቱቦውን አንሥቶ በቀዳዳው እኔን አየኝ፤ ረጅም ጊዜ አየኝ።

ዲርድራ ተራዋን ለእኛ ለቀቀች። ጸሐፊዋ የሞላሁትን ፎርም ተቀበለች። «ዓርብ ይዘጋ ነው የሚለው?»

አያቴ ፎርሙን መልሶ ወሰደና ጠቀለለው። «አይዘጋ።»

«ታዲያ ለምን መጡ?»

«ስለ ሂሳቡ ልጣላሽ።»

ቱቦውን በዚያው ወር ቀጥ አድርገን አስረከብን። ዛሬ ዎርክሾፑ አሥራ አራት ሰው ያሠራል፤ ግማሾቹ ከፋብሪካው የቀሩ ናቸው። ከአልጋ ማንሻ ሌላ የማተሚያ ማሽንና የትራክተር ቱቦም ይመጣል፤ አንዱ ደንበኛ ቢሄድ ሌላው ይቀራል። ቧንቧውም አንድ ጠጪ አገኘ። የውኃው ዋጋ አልወረደም፣ ፋብሪካውም አልተመለሰም፤ አያቴና ዲርድራም ስለ ሕጉ ዛሬም ይከራከራሉ፣ አሁን ግን ሥራ ላይ ሆነው። እኔ ጠዋት ጠዋት ምድር ቤቱ ውስጥ ከአያቴ ጎን ማቃናት እማራለሁ፤ ማታ ዲርድራ የምታስተምርበት ኮሌጅ ያቋረጥኩትን ትምህርት ያስጨርሰኛል። ሥራው ሄደ ብሎ ለሚያለቅስ ከተማ የምመክረው ይህን ነው፦ መጀመሪያ እጃችሁን ምን እንደሚያውቅ ጠይቁት።

የማዘጊያው ፎርም ዎርክሾፑ ውስጥ አያቴ ከወጠረው ሽቦ በታች መስኮቱ ላይ ተለጥፏል። «ዓርብ» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አያቴ ጽሕፈቴን ጎባጣ ነው ይላል።