አንዲት ፊደል ያስደነገጠችኝ ጠዋት

ያን ማክሰኞ ከሰበታ በተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ ዕድላዊት የምትባል ልጅ ባላገኝ ኖሮ፣ ልጄን በገዛ እጄ ጎድቻት ነበር።

ልጄ ጣቢታ በአንድ ዩኒቨርሲቲ መዝገብ ቤት ሰባት ዓመት ሠርታለች። በማለዳው ሰርቪስ ከሄደች በኋላ ቤት ሳጸዳ፣ ጠረጴዛው ላይ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አየሁ። የጎልማሶች ትምህርት ከጀመርኩ አምስት ወር ሆኖኛል። ያገኘሁትን ጽሑፍ ሁሉ ካልሞከርኩ አይሆንልኝም። ጣቴን ከፊደሉ ሥር እያስኬድኩ "ወይዘሪት ጣቢታ ዘርሁን ለሦስት ወር በተለማማጭነት እንዲሠሩ" የሚለውን አነበብኩ። የቀረውን ማየት አልቻልኩም።

ሰባት ዓመት የሠራች ልጅ ሰው ፊት ቆማ ልትለማመጥ? ምን አጥፍታ ነው? አለቃዋ እግር ላይ እወድቃለሁ ብዬ ደብዳቤውን ይዤ ወጣሁ። መንገድ ላይ ስልኬ ሁለት ጊዜ ጠራ። ጣቢታ ነበረች፤ ምን እንደምላት ጨንቆኝ አላነሳሁም።

ታክሲው ውስጥ ጎረቤታችን ኦቦ ጃራ ከፊቴ ተቀምጠዋል። ጡረታ የወጡ የቢሮ ጸሐፊ ናቸው። አጠገቤ ደግሞ የሥራ መታወቂያ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ወጣት አለች።

"አካም ቡልታን፣ ኦቦ?" ብዬ በኦሮምኛ እንደምን አደሩ አልኳቸው።

"ምን ሆነሻል ሙሉነሽ? ፊትሽ አመድ መስሏል!"

ነገርኳቸው። ወጣቷ ሳታስበው ዘወር አለች።

"ይቅርታ እናቴ፣ ጣልቃ ገባሁ። የመሥሪያ ቤቴን ስም ሲጠሩ ሰምቼ ነው። ዕድላዊት እባላለሁ። ደብዳቤውን ላየው እችላለሁ?"

አየችውና ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠች።

"እናቴ፣ ይቺ 'ጭ' አይደለችም፤ 'ጅ' ናት። ተለማማጅ ነው የሚለው። በምርምር ጽሕፈት ቤት ሥራ እንድትለማመድ ተመርጣለች።"

አፈርኩ። እፎይ ማለት ሲገባኝ ግን ሌላ ድንጋጤ መጣብኝ።

"ተለማማጅማ ገና ከትምህርት ቤት የወጣ ልጅ ነው! የእኔዋ ቋሚ ሠራተኛ ናት እኮ።"

"ልክ ነሽ!" አሉ ኦቦ ጃራ። "ሹፌሩን ከመሪው አንሥቶ ረዳት ማድረግ ነው። እኔ አንድ ወንበር ላይ ሠላሳ ዓመት ተቀምጬ በክብር ወጣሁ።"

"የጎረቤቱ ክፍል ምን እንደሚሠራ ያውቁ ነበር፣ አባቴ?"

"ምን ሊረባኝ!"

ተሳፋሪው ሳቀ። ዕድላዊት ግን አልሳቀችም፤ የደብዳቤውን ታች እያነበበች ነበር። ድንገት ቀና አለች።

"እናቴ፣ ልጅዎ ካልፈረመች ዕድሉ ለተጠባባቂ ይሰጣል ይላል። ዛሬ እስከ ስድስት ሰዓት።"

ያላነሳኋቸው ሁለት ጥሪዎች ትዝ አሉኝ። ልጄ ለካ የምትደውለው ደብዳቤውን ፈልጋ ነው። ወዲያው ደግሞ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ፤ አየር ጤና ወርጄ ወደ ቤቴ ብመለስ ነገሩ በዚሁ ያልቃል። ልጄም ወንበሯ ላይ ትቀራለች።

"ወንበሯን ሌላ ቢይዘውስ?" አልኩ።

"ቦታዋም ደሞዟም አይነካም፤ ሦስት ወር ሲሞላ ትመለሳለች። እኔ ቤተ መጻሕፍት እየሠራሁ በዚሁ ዕድል መጀመሪያ የሄድኩት የተማሪዎች ምክር አገልግሎት ነበር። አልወደድኩትም።"

"ይኸው!" አሉ ኦቦ ጃራ።

"ሳልዛወርበት በፊት አለመውደዴን ማወቄ አይሻልም፣ አባቴ? በሁለተኛው ዙር ሌላ ክፍል ሞከርኩ፤ ያን ወደድኩት። ቦታ ሲከፈት ተወዳድሬ አለፍኩ። የተለማመደ ሁሉ ውድድሩን ያልፋል ግን አልልም። የቀድሞ አለቃዬም ሥራ ተከመረብኝ ብሎ ሦስት ወር አኩርፎኛል።"

ደብዳቤውን ከእጇ ተቀብዬ አጠፍኩት። "እርስዎስ የት ነው የሠሩት?" አለችኝ።

"ክር ፋብሪካ፤ አሥራ ስድስት ዓመት፣ አንድ ማሽን ላይ።"

"ለምን ወጡ?"

ማሽኑን ነቅለው አዲስ አስገቡ። አለቃው "ሌላ ምን ትችያለሽ?" ሲለኝ አፌ ተያዘ። ከአጠገቤ የማቅለሚያው ክፍል ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ገብቼ አላየሁትም። ይህን ሁሉ ነገርኳት። ዕድላዊት ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። ኦቦ ጃራም ወደ መስኮቱ ዞሩ።

አየር ጤና ስንደርስ ረዳቱ "ወራጅ አለ?" ብሎ ጮኸ። ደብዳቤውን ጨብጬ ቁጭ አልኩ፤ ስልኬንም አውጥቼ ደወልኩ።

"እማ! የት ነሽ? ቤት ደብዳቤ..."

"እኔ ጋ ነው። መጣሁልሽ!"

የዩኒቨርሲቲው በር ላይ ስትጠብቀኝ ዓይኗ ቀልቷል። አምስት ሰዓት ተኩል አልፏል። አልተቆጣችኝም። "ጎንበስ በይልኝ እማ" ብላ ወረቀቱን ጀርባዬ ላይ ዘርግታ ፈረመች፤ እስክሪብቶው በቀሚሴ ላይ ሲሄድ ተሰማኝ። ከዚያ እየሮጠች ገባች።

ሦስቱ ወር አልፏል። ጣቢታ ለምርምር የሚመጣ ገንዘብ እንዴት እንደሚጠየቅ ተምራ ተመልሳለች። እድገት ገና አላገኘችም። ሆኖም መዝገብ ቤት አንድ ፋይል ሲጎድል ማንን መጠየቅ እንዳለባት ስለምታውቅ፣ ሁለት ቀን ይመላለስ የነበረ ባለጉዳይ በአንድ ቀን ይሸኛል። የምርምሩ ሰዎችም ስሟን ያውቃሉ፤ ቦታ ሲወጣ ትወዳደራለች። መሥሪያ ቤቱም ከውጭ ሰው ከመፈለጉ በፊት ቤቱ ውስጥ ማን እንዳለ አየ። ወላጆች፣ ሠራተኛ ልጃችሁ ልለማመድ ስትል "ወረደች" አትበሉ።

እኔ አሁን 'ጀ'ንም 'ጨ'ንም ለይቻለሁ። ግን አንዳንድ ቀን ድንጋጤው ተመልሶ ይመጣብኛል። አየር ጤና ላይ ወርጄ ብመለስ ኖሮ፣ ልጄ ምን እንዳጣች ሳላውቅ "አዳንኳት" እያልኩ እኖር ነበር።