የመሠረት ባለቤት ማን ነው?

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ አባ ተክለ ማርያም፣ በዚህ ብርድ ከሬክስዴል ድረስ የመጣችሁ ሁሉ፤ እግዜር ይስጥልን። ለቅሶ ደርሳችኋል። የሚለቀስለት ሰው ግን እዚህ የለም።

ወዳጄ ሳህሉ አልተቀበረም። ከድንበር ማዶ፣ ብረት ጋን ውስጥ፣ በረዶ ሆኖ ቆሟል። ለበሽታዬ መድኃኒት ሲገኝ አቅልጠው ይቀሰቅሱኛል ይለን ነበር። የሕይወት ኢንሹራንሱም የተከፈለው ሬሳውን አቀዝቅዞ ለሚያቆየው ድርጅት ነው።

ስንቀልድበት አልነበረም እንዴ? ዳንፎርዝ መንገድ ምግብ ቤት ምሳ እየበላን፣ ስትነቃ እኛ የለን፣ ከማን ጋር ልታወራ ነው አልኩት። ሳቀና "መሠረት አለችልኝ" አለ። ሚስቱን መውደዱ መሰለኝ።

የሞተ ቀን ሳቁ አለቀ። ሐኪሙ ተናግሮ ሳይጨርስ የድርጅቱ ሰዎች በረዶ ይዘው ገቡ። መሠረት ልትጮህ ስትል አንዱ ጣቱን አፉ ላይ አደረገ። ሥራ ላይ ነን ማለቱ ነው። ማን ዓይኑን ከደነው? ማን ገነዘው? እኛ ኮሪደር ላይ ነበርን።

ከዚያ ስልኩ መጣ። የድርጅቱ ሰዎች በየሰኞው ደውለው ጤናዋን ይጠይቃሉ። መሠረት መቼም የኛ ሰው አይደለችም? ሰላምታ መስሏት እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናንተስ ትላለች። እንዴት ያሉ ጨዋዎች ናቸው ብላ አውርታልኛለች። በሦስተኛው ሰኞ ግን፣ "ሕመም ከተሰማዎት ቶሎ ያሳውቁን፤ ቦታዎ ከባለቤትዎ አጠገብ ነው" አሏት።

ለካ ሳህሉ ለእሷም እዚያው ቦታ ገዝቶላት ኖሯል። እሷ የቤት ኢንሹራንስ መስሏት የሰጣትን ወረቀት ሁሉ ፈርማለች። የኢንሹራንስ ውሉን ወደሸጠላቸው ወደ ኤሊያስ ሄድን። ኤሊያስ፣ ከኋላ ቆመህ አይሃለሁ፤ ከተሳሳትኩ አርመኝ።

"ሰርዝልኝ" አለችው።

"እትዬ መሠረት፣ መሰረዝ የሚችለው ባለቤቱ ብቻ ነው።"

"ባለቤቴማ ሞተ።"

"የውሉን ባለቤት ማለቴ ነው። ጋሼ ሳህሉ ለድርጅቱ አዛውረውታል።"

ሰማችሁ? ባለቤቱ ድርጅቱ ነው።

ጠበቃ ይዘናል፤ ጊዜ ይፈጃል ብሎናል። የመሠረትን ልብ ደግሞ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ደረጃ እንኳ አያስወጣትም። ባለፈው ሰኞ ስልኩን ሳታነሣ ብትቀር፣ ከሰዓት በኋላ ሁለት የድርጅቱ ሰዎች በሯን አንኳኩ።

ዛሬ ጠዋት "እኔን አፈር አልብሱኝ" ብላናለች። አባ፣ እርስዎም ሰምተዋል። እናንተም ምስክር ሁኑላት።

ሳህሉ፣ እንግዲህ ደህና ሁን። አንድ ቀን ከነቃህ ጎንህን ዳብስ። ባዶ ከሆነ አትዘን፤ መሠረት አፈሯን አግኝታለች ማለት ነው። ካገኘሃት ግን፣ አቅቶን ነውና፣ ይቅርታችንን ንገርልን።