ሥጋ የሌለበት ግብዣ

አቶ ንዋይ በዚያ የጥር ጠዋት ከሉካንዳው በር የተመለሱት ባዶ እጃቸውን ነበር። ሩብ ኪሎ ቢጠይቁ ሥጋ ቆራጩ ከግማሽ ኪሎ በታች እንደማይመዝን ነገራቸው። ክፉ ቃል አልተናገረም፤ ከኋላቸው የቆሙ ሁለት ሰዎች ግን ሰምተዋል። አቶ ንዋይ በምድር ባቡር የሐዲድ ጥገና ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ በአዳማ ጣቢያ አካባቢ ያለ ሁሉ በስም የሚያውቃቸው ሰው ናቸው። ኀፍረቱ እስከ እህል ተራ ድረስ ተከተላቸው። እዚያ ሲደርሱ ዓይናቸው ጭልም አለባቸውና አንድ የቦሎቄ ጆንያ ላይ ቁጭ አሉ።

«አባባ ንዋይ፣ አካም ጅርቱ?» አለች አንዲት ወጣት ጎንበስ ብላ።

ቀና ሲሉ ደራርቱ ናት፤ የአርባ ዓመት ወዳጃቸውና የሥራ ባልደረባቸው የአቶ መርዳሳ ልጅ። ሕፃን ሳለች በትከሻቸው ተሸክመዋታል። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ መልካሳ የእርሻ ምርምር ማዕከል ውስጥ ስለ ጥራጥሬ ታጠናለች።

«ደህና ነኝ ልጄ፤ ፀሐዩ ነው።»

«ገና ሦስት ሰዓት አልሞላም እኮ። ቁርስ ምን በሉ?»

«ዳቦ በሻይ።»

«ትናንት እራትስ?»

አቶ ንዋይ መልሱ ያው ስለሆነ አፍረው ፊታቸውን አዞሩ። ደራርቱ ውሃ ገዝታ አጠጣቻቸውና ከጎናቸው ተቀመጠች።

«አባቴ ቅር ብሎታል» አለች። «ከመስቀል ወዲህ ቤታችን አልረገጡም። ለገና እንኳ ቢጠራዎት ምክንያት ሰጡ። ያስቀየምንዎት ነገር አለ?»

«የለም ልጄ። አባትሽ በጠራኝ ቁጥር ሥጋ ያቀርብልኛል። እኔስ በተራዬ በምን አፌ ልጥራው? ሙሉአለም ካረፈች ወዲህ በቤቴ ለእንግዳ የሚቀርብ ነገር የለም። ሰው ሁልጊዜ እየተጋበዘ አይዘልቅም፤ መጋበዝም አለበት። ይህን ማድረግ ሲያቅተው ይቀራል።»

የአቶ ንዋይን አኗኗር ሳይገልጡ ማለፍ አይቻልም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሙሉአለም ካረፉ ሦስተኛ ዓመታቸው ነው። በየወሩ የጡረታ ገንዘባቸውን በተቀበሉ ማግስት ግማሽ ኪሎ ሥጋ ገዝተው ወጡን ሦስት ቀን ይበላሉ፤ ከዚያ በኋላ ወሩ እስኪያልቅ ዳቦ በሻይ ነው፤ ሲሻል መኮሮኒ። ለእሳቸው ምግብ ማለት ሥጋ ነው፤ የቀረው ሁሉ ሥጋ እስኪገኝ መቆያ ነው። በከተማችን እንዲህ የሚያስብ እሳቸው ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ይህን ታሪክ መጻፍ ባላስፈለገ።

«ለዚያች ግማሽ ኪሎ የሚያወጡትን ለዚህ ቢያውሉት ኖሮ» አለች ደራርቱ የተቀመጡበትን ጆንያ መታ መታ አድርጋ፣ «ወሩን ሙሉ ጠግበው ያድሩ ነበር።»

«ጾም ሳይገባ ጹም ትይኛለሽ? የሰው ጉልበት ከሥጋ ነው ልጄ። ሽሮና ቦሎቄ ሆድ ያታልላል እንጂ ሰው አያቆምም።»

«እንግዲያው አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ከአባቴ ጋር በወለንጪቲ መስመር ሐዲድ ስታነሱ ምሳችሁ ምን ነበር?»

አቶ ንዋይ ምሳቸውን ይበሉበት የነበረው የግራር ጥላ ታወሳቸው። ሙሉአለም ከሌሊቱ የቀቀለችውን የቦሎቄና የስንዴ ንፍሮ፣ ጎመን በነጭ ሽንኩርት፣ አንዳንዴም ሰናፍጩ አፍንጫ የሚሰነጥቅ ስልጆ በምሳ ዕቃ ታስይዛቸው ነበር። ከመርዳሳ ቤት በሶና የሽምብራ ቆሎ ይመጣል። ሁለቱን ምሳ በአንድ ክዳን ላይ ገልብጠው ሲበሉ የድሬዳዋው ባቡር ያልፋል፤ ተሳፋሪው በመስኮት እጁን ያወዛውዝላቸዋል፤ መርዳሳም አፉ እንደሞላ እጁን ያነሣል። ከዚያ ተነሥተው ያን ሁሉ ብረት እስከ ማታ ይሸከማሉ።

«ሥጋ ነበረው?» አለች ደራርቱ ቀስ ብላ።

«ለዓመት በዓል።»

«ታዲያ ሐዲዱን ያነሣው ጉልበት ከየት መጣ?»

አቶ ንዋይ በከዘራቸው ጫፍ መሬቱን ጫሩ። «ያኔ ወጣት ነበርን። እሷም ነበረች። እውነቱን ልንገርሽ፤ ሥጋ ማንም ይጠብሰዋል። ያን ንፍሮ፣ ያን ስልጆ ግን የምትሠራው እሷ ነበረች፤ ድስቷን መጣድ ከበደኝ።»

«እናቴ ወደ ገበያ ስትሄድ እትዬ ሙሉአለም ጋር ትተወኝ ነበር» አለች ደራርቱ። «ቦሎቄ አስለቅማኛለች። የተበሳውን ከደህናው መለየት ያወቅኩት ከዩኒቨርሲቲ አይደለም፤ ከእርስዎ ጓዳ ነው። እሷ ያስተማረችኝን ለእርስዎ ብነግርዎት ምን አለበት?»

«በይ ንገሪኝ» አሉ።

«ማታ ይዘፍዝፉት። ጠዋት ውሃውን ደፍተው በአዲስ ውሃ በደንብ እስኪበስል ይቀቅሉት፤ ጥሬነት ያለው ቦሎቄ ሆድ ያውካል። አንዴ የተቀቀለው ለሁለት ቀን ይበቃል፤ ግማሹን ወጥ ቢሠሩት ግማሹን ከስንዴ ጋር ንፍሮ ይበሉታል። ጥራጥሬና እህል አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል፤ ሰውነት የሚገነባው በዚያ ነው። ምስር ሲሠሩ ሎሚ ጠብ ያድርጉበት፤ በምስሩ ያለው ብረት ለደም እንዲውል ያግዛል። ሻዩን ግን ከምግብ ራቅ አድርገው ይጠጡ። ቲማቲሙም ጎመኑም ከመቂ በብዛት ሲገባ ስለሚረክስ ያን ጊዜ ጠግበው ይብሉ።»

«ወተቱንም እንቁላሉንም ጨርሼ ብተውስ?»

«ይቻላል። ዓመቱን ሙሉ የሚተው ሰው ግን ቢ አሥራ ሁለት የሚባለውን ቫይታሚን ከአትክልት ስለማያገኝ ጤና ጣቢያ ጠይቆ በኪኒን መውሰድ አለበት። ሁሉም ነገር ሽሮ ውስጥ አለ ብዬ አልዋሽዎትም። ለማዞርዎም እዚያው ይታዩ።»

አቶ ንዋይ ቦሎቄና ምስር ገዝተው፣ አንድ እስር ጎመን ብብታቸው ስር አድርገው ገቡ። የመጀመሪያው ድስት ግን አልቀናም። በማግስቱ ከሰዓት ደወሉላት።

«ልጄ፣ ይህ ትምህርትሽ ሆዴን ከበሮ አደረገው።»

«የዘፈዘፉበትን ውሃ ደፍተውታል?» አለች ሳቋን ይዛ።

«ለምን እደፋዋለሁ? ጥቅሙ ውሃው ውስጥ አይደል?»

ሁለተኛው ድስት ተሳካ። ሦስተኛው ሲንተከተክ ሽንኩርቱና ነጭ ሽንኩርቱ ቤቱን ሞላውና አቶ ንዋይ ማማሰያውን እንደያዙ ጓዳው ውስጥ አለቀሱ። ከዚያ ቀን ወዲህ ድስቱን መጣድ አልከበዳቸውም። ጤና ጣቢያም ሄደው ደማቸው ማነሱ ተነገራቸው፤ መድኃኒት ታዘዘላቸው፤ ነርሷም ስለ ምግቡ እንደ ደራርቱ መከረቻቸው። ወሩ ሳያልቅ ከቤታቸው እስከ ጣቢያው መንገድ ላይ ሳያርፉ መሄድ ጀመሩ።

በየካቲት የመጀመሪያው እሑድ አቶ መርዳሳን ለምሳ ጠሩ። ቦሎቄ ወጥ፣ ጎመን፣ ሎሚ ጠብ ያለበት ምስርና የሱፍ ፍትፍት አቀረቡ። ከመቀመጣቸው በፊት ግን ቆመው ተናገሩ።

«መርዳሳ፣ ሥጋ የለበትም። ጾምም አይደለም። የምበላው ይህን ነው፤ ያለኝም ይኸው ነው።»

አቶ መርዳሳ ጎረሱ። ደገሙ። «የሙሉአለም እጅ ነው» አሉ በመጨረሻ።

«ሎሚው የደራርቱ ነው።»

ብዙ በሉ። ስለዚያ ባቡር፣ በሕይወት ስለሌሉት ባልደረቦቻቸውም አወሩ። እጃቸውን ታጥበው ሲቀመጡ አቶ መርዳሳ አቀርቅረው «እኔም የምነግርህ አለኝ» አሉ። «ሪህ ይዞኝ ሐኪም ሥጋ ከከለከለኝ ዓመት አልፎኛል። አንተ በመጣህ ቁጥር ግን አብሬህ እበላለሁ፤ ከዚያ ሦስት ቀን እግሬን መሬት ማስረገጥ ያቅተኛል።»

«ታዲያ ለምን ታቀርባለህ?»

«ሥጋ ካላገኘህ የናቅኩህ ይመስልሃል ብዬ።»

«ደራርቱ ታውቃለች?»

«ታውቃለች። እንዳትነግርህ ያስማልኳት እኔ ነኝ።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ፤ ከዚያም እስኪያስላቸው ሳቁ።

አንባቢ ሆይ፣ እነዚህ ሰዎች የተዋደዱትን ያህል ተፈራርተው አንዱ በራብ፣ ሌላው በሕመም ይቀጡ ነበር። ለሦስት ቀን ብቻ ለምትሆን ግማሽ ኪሎ ሥጋ ያወጡት የነበረውን ገንዘብ አቶ ንዋይ ዛሬ ወር ይበሉበታል፤ ማዞሩ ተወላቸው፤ ምሳ ሠርተው ሰው ለመጥራት በቁ። የአቶ መርዳሳ የእግር ሕመምም ረገብ አለላቸው። እናቶቻችን በጓዳቸው የያዙትን ጥበብ ትምህርት ሲያግዘው ለደኻ ቤት ይህን ያህል ይበቃል። አሁን በየእሑዱ በተራ ይጠራራሉ፤ እሑድ ሲደርስም ከሁለቱ አንዱ እንኳ መጠራትን አይፈራም።